ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የፎቶ ፕሮግራም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለምን ይዘጋል?

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አነስ ያለች የፎቶና የኅትመት ቤት አላት። ሰኔ ሲገባ እጇ አያርፍም። የምርቃት ባነር፣ የምርቃት ፎቶ፣ የምርቃት መጥሪያ። አምና በዚያ ግርግር መሃል ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ ሞተብኝ።»

«ጨርሶ አልነሳ አለ?»

«እሱስ ይነሳል። ባነር ስሠራ ፕሮግራሙ ድርግም ይላል። ዛሬ ብቻ አራተኛው ነው። ኮምፒውተሩን የሚያይልኝ ልጅ ፎርማት ይደረግ እያለኝ ነው።»

ይህቺን «ፎርማት ይደረግ» የምትባል ነገር ሁላችንም እናውቃታለን። ኮምፒውተር ዘገየ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። አንዳንዴ ትሠራለች፣ አልዋሽም። ብዙ ጊዜ ግን ግማሽ ቀን ትበላለች፣ ፕሮግራሙንና ፎንቱን ሁሉ እንደ አዲስ ታስጭናለች፣ በመጨረሻ ያው ባነር ሲከፈት ፕሮግራሙ ያው ድርግም ይላል። በሽታው መጀመሪያውንም ዊንዶውሱ ላይ አልነበረማ።

እኔ ከምንም በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ምን ስትሠሪ ነው የሚዘጋው?» የሚዘጋበት ሰዓት ግማሹን መልስ ይነግራችኋል። ሐኪምም ቢሆን «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሳይል መርፌ አያነሳም።

«የጀርባውን ፎቶ ሳደበዝዝ» አለችኝ።

«ባነሩ ስንት በስንት ነው?»

«ሦስት ሜትር በሁለት።»

«ሪዞሉሽኑስ?»

«ሦስት መቶ ነዋ! ጥራት እንዲኖረው።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ትንሽ ሒሳብ ልንሠራ ነው፣ ታገሡኝ።

የፎቶ ፋይል ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያለው መጠንና ፕሮግራም ውስጥ ሲከፈት የሚኖረው መጠን አንድ አይደለም። ድርቆሽን አስቡ። ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ቀላል ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ውኃ ሲነካው ግን ያብጣል፣ ሳህኑን ሞልቶ ይተርፋል። ጄፔግ ፋይል ድርቆሽ ነው። ስልካችሁ ያነሳው ፎቶ 4 ሜጋ ነኝ ይላል። ፕሮግራሙ ግን እንደ ታመቀ ሊሠራበት አይችልም። እያንዳንዷን ነጥብ፣ ፒክስል የምንላትን፣ አንድ በአንድ ዘርግቶ ራም ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው በሚይዝበት ማስታወሻ ላይ፣ ያስቀምጣታል።

ወርዱን በቁመቱ አባዙ፤ የፒክስሉ ብዛት ይመጣል። አንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በ3 አባዙ። 4,000 በ3,000 የሆነ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ወደ 36 ሜጋ። 4 ሜጋ የነበረው 36 ሆነ ማለት ነው። ፎቶው ለአንዱ ቀለም ሁለት ባይት በሚወስደው በ16 ቢት ከተከፈተ ደግሞ እጥፍ ነው። ከዚያ ሌየር፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረበውን ንጣፍ፣ ስትጨምሩ፣ ፎቶውን ስትገለብጡ፣ በላዩ ላይ ሌላ ስትደርቡ በዚያው ልክ ይደመራል።

«ድሮ እኮ በዚሁ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። እውነቱን ነው፣ ይሠራ ነበር። የዛሬ 12 እና 13 ዓመት አብዛኞቹ ስልኮቻችን የሚያነሱት ፎቶ 8 ሜጋፒክስል ቢሆን ነው። ሲከፈት 24 ሜጋ። ዛሬ ደንበኛ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ፎቶ 108 ሜጋፒክስል ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሳይታመቅ እንደ ፋይል ከላከው። እሱ ሲከፈት ከ320 ሜጋ በላይ ነው። ኮምፒውተሩ አልተለወጠም። ፎቶው ነው ያደገው።

ወደ ባነሩ እንመለስ። 3 ሜትር ወደ 118 ኢንች ነው። ሪዞሉሽን 300 ስትሉ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ኢንች 300 ፒክስል ስትሉ፣ ወርዱ 35,433 ፒክስል ይመጣል። ቁመቱ 23,622። ሲባዛ 837 ሚሊዮን ፒክስል። ለኅትመት ሲኤምዋይኬ በሚባሉት የማተሚያ ቀለሞች ስለሚሠራ ቀለሙ 4 ነው፤ በ4 ስናባዛው ከ3.3 ቢሊዮን ባይት በላይ። ይህ እንግዲህ አንድ ሌየር ብቻ ነው፤ ያውም ስም ሳይጻፍበት፣ አበባ ሳይደረግበት። የኮምፒውተሯ ራም 4 ጊጋ ነው። ዊንዶውሱ የራሱን ድርሻ ወስዶ፣ ክሮም ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ተከፍቶ፣ ዘፈንም እየዘፈነ ነው። ከዚያ «አደብዝዝልኝ» ስትለው ፕሮግራሙ የድሮውንም የአዲሱንም መያዝ አለበት። ከየት ያምጣው?

ያው ባነር በ72 ሪዞሉሽን ቢሠራ 8,504 በ5,669 ፒክስል ነው። ወደ 190 ሜጋ። ከ17 እጥፍ በላይ ቀለለ ማለት ነው። «ጥራቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። 300 የሚያስፈልገው እጅ ላይ ተይዞ ለሚታይ ነገር ነው፤ ለአልበም ፎቶ፣ ለመጥሪያ ካርድ። ባነር ግን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ነው የሚታየው። ከ72 እስከ 100 ይበቃዋል። ደግሞም 4,000 ፒክስል የሆነን የስልክ ፎቶ ወደ 35,000 ብትለጥጡት አዲስ ዝርዝር አይመጣም። ፕሮግራሙ በመሃል ያለውን በግምት ይሞላዋል እንጂ የሌለውን የዓይን ሽፋሽፍት አያበቅልም።

ነገሩ ራም ብቻም አይደለም። ፎቶሾፕ የሚያስቀምጠው የተለመደው ፒኤስዲ ፋይል በየትኛውም ጎን ከ30,000 ፒክስል፣ በመጠን ደግሞ ከ2 ጊጋ አያልፍም። ከዚያ በላይ ፒኤስቢ የሚባለው ዓይነት ነው የሚያስፈልገው። ያ ባነር እንኳን ባይዘጋ፣ ሴቭ ሲደረግ ሌላ ጣጣ ይጠብቀው ነበር።

የምናሌዎቹን ስም በፎቶሾፕ እጠራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው። ጊምፕ የሚባለውን ሌላ የፎቶ ፕሮግራም ለምትጠቀሙም አሳቡ ያው ነው።

ራሙ ሲሞላ ፕሮግራሙ ወዲያው አይሞትም። የተረፈውን ወደ ዲስክ ያፈስሳል። ይህ ቦታ ስክራች ዲስክ ይባላል፤ ሁለተኛው ሳህን በሉት። ሳትነግሩት ሲ ድራይቭን ነው የሚጠቀመው። ሲ ድራይቭ ደግሞ የአብዛኞቻችን ጉድ የተከማቸበት ነው። ዴስክቶፕ ላይ የተደረደረው ፎቶ፣ የዳውንሎድ ፎልደሩ ፊልም፣ ቴሌግራም ያወረደው ሁሉ እዚያ ነው። 5 ጊጋ ብቻ ቀርቶት ቀይ የሆነ ሲ ድራይቭ ይዛችሁ ባነር አትሥሩ። «ስክራች ዲስኩ ሞልቷል» የሚል መልእክት ካያችሁ በቀጥታ እሱ ነው። ኤዲት ውስጥ ፕሪፈረንስስ ግቡና ክፍት ቦታ ያለውን ዲ ድራይቭ ምረጡለት። ፕሮግራሙ ጭራሽ አልከፈት ካለ፣ ሲነሳ ኮንትሮልና አልት አንድ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፤ የትኛውን ዲስክ ልጠቀም ብሎ ይጠይቃችኋል። ፍላሽ ግን አትስጡት። ቀርፋፋ ነው፣ ሰው ደግሞ ይነቅለዋል።

የፍላሽ ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኛው ፍላሹን ይሰጣችኋል፣ ፎቶውን እዚያው ከፍላሹ ከፍታችሁ ትሠራላችሁ፣ እሱ ቸኩሎ «ልሂድ» ብሎ ይነቅለዋል። መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ። ሴቭም ስታደርጉ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ።

ያው ፕሪፈረንስስ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚባል ገጽ አለ። ፕሮግራሙ ስንት ራም ይውሰድ የሚለው እዚያ ነው። ዩቲዩብ ላይ «ወደ 100 አድርሱት» የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ሁሉንም ከሰጣችሁት ዊንዶውሱ ራሱ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያኔ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። 70 በመቶ አካባቢ ተዉት። እዚያው የሂስትሪ ብዛት አለ፤ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቀመጡት እርምጃዎች ናቸው። አዳዲሶቹ ፎቶሾፖች 50 እርምጃ ይይዛሉ። ትንሽ ነገር ስትነካኩ አይከብድም፤ ሙሉውን ፎቶ በሚቀይር ፊልተር ግን አንዱ እርምጃ የፎቶውን ሙሉ ቅጂ ያህል ነው። ወደ 15 አውርዱት። ሥራ መሃል መክበድ ከጀመረ ደግሞ ኤዲት ውስጥ ፐርጅ የሚለውን ተጠቀሙ፤ የተጠራቀመውን ይጥልላችኋል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ አስባችሁበት ይሁን። ጊምፕ ላይ የራሙና የእርምጃዎቹ ልክ ሲስተም ሪሶርስስ በሚል ገጽ ይገኛል።

በዚህ አጋጣሚ «ራም ያጸዳል፣ ኮምፒውተር ያፈጥናል» እየተባሉ የሚጫኑትን ፕሮግራሞች አጥፏቸው። እነሱ ራሳቸው ራም ይበላሉ። አንዳንድ ልጆች ደግሞ ለፍጥነት ብለው የዊንዶውሱን ቨርችዋል ሜሞሪ፣ ራም ሲሞላ ዊንዶውሱ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ቦታ፣ ያጠፉታል። ባለ 4 ጊጋ ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ ፕሮግራሙን በእጅ ገድሎ «ምን ሆነ?» እንደማለት ነው። መልሱት፣ ዊንዶውሱ ራሱ ያስተዳድረው።

አሁን ሌላ ዓይነት አዘጋግ። ፎቶው ትንሽ ነው፣ ራም አልሞላም፣ ግን ገና ሲከፈት ወይም ዙም ስታደርጉ ወይም ብሩሽ ስታነሱ ይዘጋል። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ወይም የተበጣጠሰ ምስል ይታያል። ይህ የግራፊክስ ካርዱና የድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውሱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ጠባይ ነው። ፕሮግራሞቹ ከዓመት ዓመት ሥራቸውን ወደ ግራፊክስ ካርድ እያሸጋገሩ መጡ። የአሮጌ ላፕቶፕ ግራፊክስ ደግሞ አምራቹ ድራይቨር ማሻሻሉን ካቆመ ቆይቷል። ፐርፎርማንስ ገጹ ላይ «ግራፊክስ ፕሮሰሰር ተጠቀም» የሚለውን ምልክት አንሱና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት። አንዳንድ ነገሮች ይቀሩባችኋል፤ ነገር ግን የሚሠራ ፕሮግራም ከሚያብረቀርቅ ፕሮግራም ይሻላል። ካልተዘጋ ጥፋተኛው ተገኘ። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ ለሞዴላችሁ የወጣውን የመጨረሻ ድራይቨር ጫኑ።

ደህና ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን በድንገት ማስቸገር ከጀመረ፣ ቅንብሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙን ስትከፍቱ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ያዙ። «ቅንብሩን ላጥፋው?» ይላችኋል። እሺ በሉት። ፎርማት ከሚፈጀው ግማሽ ቀን ይልቅ ግማሽ ደቂቃ ነው።

የጽሑፍ ምልክቷን፣ ቲዋን፣ ስትነኩ ብቻ የሚዘጋ ከሆነስ? ይህኛው በእኛ ሰፈር በጣም የተለመደ ነው፣ ሲጻፍበት ግን ብዙም አላየሁም። ፎንት ነው። የኅትመት ቤት ኮምፒውተር ላይ ስንት መቶ ፎንት እንዳለ ቤቱ ይቁጠረው። አማርኛው ብቻ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ሲገለበጥ፣ ስሙ ሲቀየር፣ ግማሹ ሲቆረጥ የኖረ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት የጋራ ኮድ ሳይስፋፋ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ደግሞ ፊደሉን በእንግሊዝኛው ቁልፍ ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው፤ ባህርያቸው ከዛሬዎቹ ይለያል። ፕሮግራሙ የፎንት ዝርዝሩን ለማሳየት ሁሉንም ይከፍታቸዋል። አንዱ የተበላሸ ፋይል ካለ እዚያ ላይ ይደናቀፋል።

የተበላሸውን ለማግኘት አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልግም። በኋላ የጫናችኋቸውን ፎንቶች ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። ከዊንዶውሱ ጋር የመጡትን፣ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንትም ጨምሮ፣ አትንኩ። ከዚያ ግማሾቹን አንሱና ሞክሩ። ካልተዘጋ ጥፋተኛው ካነሳችሁት ግማሽ ውስጥ ነው። ያንን ደግሞ ለሁለት ክፈሉት። 400 ፎንት ቢኖራችሁ እንኳን ዘጠኝ ጊዜ ሞክራችሁ ታገኙታላችሁ። በመሃሉም ለዓመታት ያልተጠቀማችሁባቸው ስንት እንደሆኑ ታያላችሁ። የአክስቴ ልጅ «ውበት 1»፣ «ውበት 1 አዲስ» እና «ውበት 1 አዲስ የመጨረሻ» የሚሉ ፎልደሮች ነበሯት፤ በውስጣቸው ያሉት ሦስቱም ፎንቶች አንድ ናቸው።

እስካሁን ያልነው ፕሮግራሙ ብቻ ሲዘጋ ነው። ኮምፒውተሩ በሙሉ ከጠፋ ወይም ራሱ ሪስታርት ካደረገ ሌላ ወሬ ነው። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበቃው ይጠፋል። ትልቅ ፎቶ ማደብዘዝ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ያሠራዋል። ፋኑ የሚጮኸው ለዚህ ነው። አቧራ ይጸዳ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት ዓመታት ቆይቶ ደርቆ ከሆነ ይቀየር። ላፕቶፕ አልጋና ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አይሠራበት፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው።

መብራቱም አለ። ከፍ ዝቅ የሚል መብራት የዴስክቶፕን ፓወር ሳፕላይ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። ቀላል ሥራ ላይ ደህና ይመስላል፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ ግን የሚፈለገውን መስጠት ያቅተዋል፣ ኮምፒውተሩም ቀጥ ይላል። ዩፒኤስ ኖሮ ባትሪው ከሞተም ያው ነው፤ መብራት ብልጭ ሲል አብሮ ይጠፋል። ፎቶሾፕ በየ10 ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጠውን የማገገሚያ ቅጂ ወደ 5 ደቂቃ አውርዱት። በእኛ አገር መብራት 10 ደቂቃ ብዙ ነው።

ምንም ፍንጭ ካጣችሁ ዊንዶውሱን ጠይቁት። ስታርት ላይ «ኢቨንት ቪወር» ብላችሁ ፈልጉ፣ አፕሊኬሽን የሚለውን ክፈቱ፣ ፕሮግራሙ በተዘጋበት ሰዓት ያለውን ቀይ ምልክት ተጫኑ። ሲዘጋ እጁ ላይ የነበረው ፋይል ስም እዚያ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የግራፊክስ ድራይቨር ስም ከሆነ ታውቋል። በየጊዜው የተለያየ ስም ከሆነና ሌሎች ፕሮግራሞችም የሚዘጉ ከሆነ ግን ራሙ ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ የሚባል መፈተሻ አብሮ ይመጣል። ቴክኒሻኖች የራሙን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ ሲጠርጉ አይታችሁ ይሆናል፤ ቀልድ አይደለም፣ ቆሻሻው ሲነሳ የሚድን ራም አለ።

አንድ የማይወራ ነገር ደግሞ አለ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የተሰበረውን፣ ክራክ የተደረገውን ፕሮግራም ነው። እዚህ ማንም ማንንም አይሰብክም። ግን ፋይሎቹን ሌላ ሰው ነካክቷቸዋል፣ አንዳንዴም ቫይረስ አብሮ ይገባል፣ ሲዘጋባችሁ ከየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። አዲሱ ፎቶሾፕ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ ባለ 4 ጊጋ ኮምፒውተር ላይ በግድ መጫኑ ለጭንቀት ነው። ጊምፕ በነጻ ይገኛል። ፎቶፒ ደግሞ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ የፎቶሾፕ ፋይል ያነባል፣ ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ ሳይልክ እዚያው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይሠራዋል። ትልቅ ባነር አይችልም፤ የመታወቂያ ፎቶ ግን ያለምንም ችግር።

ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ራም፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ። ራሙ መዝጋቱን ያስቀራል፣ ኤስኤስዲው መቆየቱን። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ። የቀድሞው ራም ዲዲአር3 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ዲዲአር4 አይገባም፤ ቀዳዳው ራሱ ይለያል። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋ ብትጨምሩለትም ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። እዚህ ጋ፣ አዎ፣ ፎርማት ይደረግ።

የአክስቴ ልጅ ባነሯን በ72 እንደ አዲስ ከፈተችው። ጀርባውን ስታደበዝዝ ስልኩን አልዘጋችውም ነበር። ዝም። ከዚያ «ውይ፣ ጨረሰ እኮ!» በማግስቱ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ራም ገዝታ ከነበረው ጋር አስገባችበት፣ ማታ ሱቅ ስትዘጋ የራም መፈተሻውን አስነስታው ሄደች። ጠዋት ስትገባ ስህተት አልተገኘም ይላል። ልጁ የፎርማት ፍላሹን ግን እስካሁን ከመሳቢያው አላወጣም።